የምርጫ ዳኛውን በምርጫ መሰየም፦ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ተሞክሮ

በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2022 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ መራጮች ከገዥውና ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር የግዛቱን የምርጫ ጉዳዮች ዋና ኃላፊም መርጠዋል። በእንግሊዝኛው አጠራር «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት»፣ በአማርኛ የግዛት ጸሐፊ ሊባል ለሚችለው ለዚህ ሥልጣን የተወዳደሩት የሪፐብሊካን ፓርቲው ዕጩ ሚስተር ብራድ ራፈንስፐርገር 53 ከመቶ ገደማ ድምፅ በማግኘት፣ 44 ከመቶ ገደማ ያገኙትን የዴሞክራቲክ ፓርቲዋን ዕጩ ሚስ ቢ ንጉየንን አሸንፈዋል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ይህን መሰሉ ውድድር ከግዛቱ ወሰን ባሻገር ትኩረት የሚስብ አልነበረም። በ2022 ግን በመላ አገሪቱ በከፍተኛ ጉጉት ተከታትለውታል። ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ የግዛቱ ውጤት ትክክለኛ መሆኑን ያረጋገጡትም፣ ውጤቱ እንዲለወጥ ከፍተኛ ጫና የደረሰባቸውም እኒሁ ባለሥልጣን በመሆናቸው ነው። በመሆኑም የምርጫ ዳኛ የሆነ ሰው ራሱ በፓርቲ ዕጩነት ቀርቦ በሕዝብ ድምፅ ሲሰየም ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንደሚኖረው ለመመርመር የጆርጂያ ተሞክሮ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

በቅድሚያ ስያሜውን ማጥራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፌዴራላዊ መንግሥት ውስጥ «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት» የሚባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው። በግዛት ደረጃ ግን ይኸው ስያሜ ፍጹም የተለየ ኃላፊነትን ያመለክታል። የጆርጂያው የግዛት ጸሐፊ የግዛቱን ታላቅ ማኅተም ይጠብቃል፤ የንግድ ኩባንያዎችን ይመዘግባል፤ ጽሕፈት ቤቱም የነርሶችን ጨምሮ የበርካታ ሙያዎችን የፈቃድ አሰጣጥ ይመራል። ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን ምርጫን የማስተባበርና ውጤትን የማረጋገጥ ተግባሩ ነው።

አሜሪካ በአገር አቀፍ ደረጃ ምርጫ የሚያስፈጽምና ድምፅ የሚቆጥር አንድ የምርጫ ቦርድ የላትም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 4 የምክር ቤት አባላት የሚመረጡበትን ጊዜ፣ ቦታና ሥርዓት የመወሰን ሥልጣንን በመጀመሪያ ደረጃ ለየግዛቶቹ ሕግ አውጪ አካላት የሰጠ ሲሆን፣ የፌዴራሉ ኮንግረስ በሕግ ሊለውጠው እንደሚችልም ይደነግጋል። የፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን በመባል የሚታወቀው ተቋም የሚቆጣጠረው የምርጫ ዘመቻ ገንዘብን እንጂ የድምፅ አሰጣጥን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ የተቋቋመው የምርጫ ድጋፍ ኮሚሽንም ቢሆን ለግዛቶች ገንዘብና የሙያ ምክር ከመስጠት ያለፈ የማዘዝ ሥልጣን አልተሰጠውም።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የመራጮች ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ዋና የምርጫ ኃላፊ እንዲሰይም አስገድዷል። ኃላፊው በምን መንገድ እንደሚሰየም ግን ሕጉ ለግዛቶቹ ትቶታል። በዚህም ምክንያት አሠራሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ከግዛቶቹ ግማሽ በሚጠጉት የግዛት ጸሐፊው በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል። በሜይን፣ በኒው ሃምፕሻየርና በቴነሲ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሲመርጠው፣ በፔንሲልቬንያና በቴክሳስ ገዥው ይሾመዋል። በአላስካና በዩታ ሥራው የምክትል ገዥው ነው። ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይና ዊስኮንሲን ደግሞ ምርጫን በቦርድ ወይም በኮሚሽን ያስተዳድራሉ።

ጆርጂያ ኃላፊውን በየአራት ዓመቱ በቀጥታ ከሚመርጡት ግዛቶች አንዷ ናት። ግዛቲቱ 159 አውራጃዎች ያሏት ሲሆን፣ መራጮችን የመመዝገብ፣ የምርጫ ጣቢያ የመክፈት፣ ድምፅ የመቀበልና የመቁጠር ሥራ የሚከናወነው በአውራጃዎቹ የምርጫ ሠራተኞች ነው። የግዛት ጸሐፊው ጽሕፈት ቤት በበኩሉ የግዛቱን የመራጮች መዝገብ ይይዛል፤ ለመላው ግዛት የሚያገለግሉ የድምፅ መስጫ መሣሪያዎችን ያቀርባል፤ የአውራጃ ኃላፊዎችን ያሠለጥናል፤ ከየአውራጃው የተላከለትን ውጤት ደምሮ በ17 ቀናት ውስጥ ያረጋግጣል። ጸሐፊው አንድም የድምፅ መስጫ ወረቀት በእጁ የማይቆጥር ቢሆንም ማን በመዝገቡ ላይ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሰረዝ፣ ሕጉ እንዴት እንደሚተረጎምና ውጤቱ መቼ እንደሚጸድቅ በሚወስኑት ጉዳዮች ላይ ድምፁ ይሰማል።

ይህን ሥልጣን የያዘው ሰው የፓርቲ አባል መሆኑ ያስከተለው ጥያቄ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 በፍሎሪዳ ነው። በወቅቱ የፍሎሪዳ የግዛት ጸሐፊ የነበሩት ወይዘሮ ካትሪን ሃሪስ፣ የፕሬዚዳንታዊ ዕጩው የሚስተር ጆርጅ ቡሽ የግዛቱ የምርጫ ዘመቻ ተባባሪ ሊቀ መንበርም ነበሩ። ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ መራጭ ድምፅ በሰጠበት ግዛት ሚስተር ቡሽ በ537 ድምፅ ልዩነት ማሸነፋቸውን ያረጋገጡት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ክርክሩ የተቋጨው ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው። የፍሎሪዳ መራጮች ወይዘሮ ሃሪስን በመረጡበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1998 ምርጫ የግዛቱን ሕገ መንግሥት በማሻሻል ሥልጣኑ ከ2003 ጀምሮ በሹመት እንዲሆን ወስነው ስለነበር፣ እርሳቸው በምርጫ ሥልጣኑን የያዙ የመጨረሻዋ ጸሐፊ ሆነዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ በኦሃዮ ተነሣ። የግዛቱ ጸሐፊ ሚስተር ኬን ብላክዌል የሚስተር ቡሽ የኦሃዮ ዘመቻ የክብር ተባባሪ ሊቀ መንበር ሆነው ሳለ ምርጫውን መርተዋል። የምዝገባ ቅጾች በተወሰነ ውፍረት ባለው ወረቀት ካልቀረቡ ተቀባይነት እንዳያገኙ ያወጡት መመሪያ ብርቱ ትችት አስከትሎባቸው ኋላ ላይ እንዲላላ ተደርጓል። ሚስተር ብላክዌል እ.ኤ.አ. በ2006 ለገዥነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል።

በጆርጂያ ጥያቄው ገዝፎ የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያ ዓመት ለገዥነት የተወዳደሩት የሪፐብሊካኑ ሚስተር ብራያን ኬምፕ የግዛት ጸሐፊነታቸውን እንደያዙ ነበር ለውድድር የቀረቡት። የዴሞክራቷ ተፎካካሪያቸው ሚስ ስቴሲ አብራምስና ደጋፊዎቻቸው፣ ተወዳዳሪው የራሱን ውድድር መዳኘት የለበትም በማለት ተቃውሞ አሰምተዋል። የጆርጂያ ተወላጅ የሆኑትና ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል የኢትዮጵያን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጨምሮ በበርካታ አገሮች ምርጫ የታዘበው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ ሚስተር ኬምፕ ለሕዝብ አመኔታ ሲሉ ከጸሐፊነታቸው እንዲለቁ በደብዳቤ ጠይቀዋቸው ነበር። ሚስተር ኬምፕ ግን ድምፅ የሚቆጥሩት አውራጃዎቹ መሆናቸውን በመግለጽ ጥያቄውን አልተቀበሉም። የሚገርመው ሚስተር ኬምፕ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በመጀመሪያ ወደ ሥልጣኑ የመጡት፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ጸሐፊ ለገዥነት ለመወዳደር ሲሉ ቦታውን በመልቀቃቸው ምክንያት በተሰጣቸው ሹመት መሆኑ ነው።

በምርጫው ዋዜማ ክርክሩን ያጋጋለው የምዝገባ አሠራር ነበር። በወቅቱ በጆርጂያ ሥራ ላይ በነበረው ደንብ መሠረት አመልካቹ በቅጹ ላይ የሞላው ስምና መረጃ በመንጃ ፈቃድ ወይም በማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ ከሰፈረው ጋር ፊደል በፊደል ካልተመሳሰለ ምዝገባው በእንጥልጥል ይቆይ ነበር። በኦክቶበር 2018 በዚህ ሁኔታ ላይ የነበሩት ማመልከቻዎች 53 ሺህ ያህል እንደነበሩና አብዛኞቹም የጥቁር አሜሪካውያን እንደሆኑ ተዘግቧል። የጽሕፈት ቤቱ መልስ እነዚህ ሰዎች መታወቂያ ይዘው ከቀረቡ ድምፅ ከመስጠት የሚያግዳቸው ነገር የለም የሚል ነበር።

ጉዳዩ በጆርጂያ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ሩቅ አልነበረም። በአትላንታ ዙሪያ፣ በተለይም በዲካልብ አውራጃና በክላርክስተን ከተማ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል፣ የአባት ስምም በዚያ አገር እንደ ቤተሰብ ስም እንደሚመዘገብ ለሚያውቅ ሰው፣ ፊደል በፊደል ማመሳሰል ምን ችግር ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግተውም። ከዚህም በተጨማሪ ዜግነት ካገኙ በኋላ የመንጃ ፈቃድ መረጃቸው ያልታደሰላቸው ሰዎች «ዜጋ ያልሆነ» ተብለው ይለዩ ስለነበር፣ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት ከ3 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ዜግነታቸውን በምርጫ ጣቢያ በቀላሉ የሚያረጋግጡበት ሁኔታ እንዲመቻች አዟል።

ሚስተር ኬምፕ ምርጫውን በ55 ሺህ ያህል ድምፅ ልዩነት አሸንፈው ከሁለት ቀናት በኋላ ከጸሐፊነታቸው ለቀቁ። በምትካቸው የተሾሙት ሚስ ሮቢን ክሪተንደን ውጤቱን አጽድቀዋል። በዚያው ምርጫ ለጸሐፊነት ከተወዳደሩት መካከል ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ባለመኖሩ፣ የግዛቱ ሕግ በሚያዘው መሠረት በዲሴምበር 2018 ድጋሚ ምርጫ ተካሂዶ ሚስተር ራፈንስፐርገር የቀድሞውን የኮንግረስ አባል ሚስተር ጆን ባሮውን 52 ለ48 ከመቶ በሆነ ውጤት አሸነፉ። በሙያቸው መሐንዲስ የሆኑት ሚስተር ራፈንስፐርገር በዚህ ድጋሚ ምርጫ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ድጋፍ ተሰጥቷቸው ነበር።

አዲሱ ጸሐፊ በጀመሩት የሥራ ዘመን ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ዘግይቶ ከፍተኛ ጠቀሜታ የሰጠው የመሣሪያ ለውጡ ነው። ጆርጂያ ከ2002 ጀምሮ በመላው ግዛት ስትጠቀምባቸው የቆዩት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የመራጩን ድምፅ በወረቀት አያስቀሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ መሠረት ግዛቲቱ 107 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ወጪ፣ የመራጩን ምርጫ በወረቀት የሚያትሙ መሣሪያዎችን ገዛች። ሕጉ ከምርጫ በኋላ ኦዲት መደረግ እንዳለበትም ደነገገ። ከአንድ ዓመት በኋላ የደረሰው ሁኔታ የዚህን ወረቀት ዋጋ አሳይቷል።

በኖቬምበር 2020 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሚስተር ጆ ባይደን በጆርጂያ በጠባብ ልዩነት መምራታቸው ሲታወቅ፣ ሚስተር ራፈንስፐርገር ኦዲቱ በዚሁ ውድድር ላይ እንዲደረግ ወሰኑ። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ስለነበር 5 ሚሊዮን የሚሆኑት ወረቀቶች በሙሉ በእጅ ተቆጠሩ። በቆጠራው በተወሰኑ አውራጃዎች ሳይደመሩ የቀሩ ጥቂት ሺህ ድምፆች ቢገኙም አሸናፊውን የሚለውጡ አልነበሩም። በተሸናፊው ወገን ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ በመሣሪያ ተቆጥሮ የመጨረሻው ልዩነት 11 ሺህ 779 ድምፅ ሆነ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሚስተር ራፈንስፐርገር ስልክ በመደወል አንድ ሰዓት ያህል የፈጀ ንግግር አድርገዋል። በዚሁ በድምፅ በተቀዳው ንግግር ፕሬዚዳንቱ ከተሸነፉበት ልዩነት በአንድ የሚበልጥ፣ ማለትም 11 ሺህ 780 ድምፅ እንዲገኝላቸው ጠይቀዋል። ጸሐፊው የፕሬዚዳንቱ መረጃ የተሳሳተ መሆኑን በመግለጽ ጥያቄውን አልተቀበሉም። ከዚህ ንግግር ጋር በተያያዘ በኦገስት 2023 በፉልተን አውራጃ የወንጀል ክስ ተመሥርቶ የነበረ ሲሆን፣ ክሱ በኖቬምበር 2025 ተቋርጧል። ሚስተር ትራምፕ ምንም ጥፋት አለመፈጸማቸውን ሲገልጹ ቆይተዋል።

ጫናው በጸሐፊው ላይ ብቻ አልተወሰነም። በወቅቱ ከፍተኛ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ገብርኤል ስተርሊንግ በዲሴምበር 2020 በሰጡት መግለጫ፣ በምርጫ ሠራተኞች ላይ የሚሰነዘረው ዛቻ ካልቆመ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በፉልተን አውራጃ ድምፅ ሲቆጥሩ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች፣ እናትና ልጅ፣ ድምፅ አጭበርብረዋል በሚል በሐሰት ተወንጅለው ስማቸው በመላ አገሪቱ በመሠራጨቱ መኖሪያቸውን ጥለው እስከመውጣት ደርሰዋል። ሠራተኞቹ ባቀረቡት የስም ማጥፋት ክስ በዲሴምበር 2023 የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኝነት ጉባኤ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው ወስኖ፣ ጉዳዩ በ2025 በስምምነት ተቋጭቷል። በምርጫ ክርክር ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣናቱ በስም ቢታወቁም፣ ሸክሙ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እስከሚደረድረው ዝቅተኛ ሠራተኛ ድረስ እንደሚወርድ ይህ ሁኔታ ያስረዳል።

በማርች 2021 የጆርጂያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አዲስ የምርጫ ሕግ አወጣ። ሕጉ በፖስታ ለሚሰጥ ድምፅ የመታወቂያ ቁጥር እንዲጠየቅ ከማድረጉም በላይ፣ የግዛት ጸሐፊውን ከግዛቱ የምርጫ ቦርድ ሊቀ መንበርነትና ድምፅ ሰጪነት አስወግዶ ሊቀ መንበሩን ምክር ቤቱ እንዲሰይም አድርጓል። ቦርዱም በተወሰኑ ሁኔታዎች የአውራጃ ምርጫ ኃላፊዎችን ለጊዜው የማገድ ሥልጣን ተሰጠው። ደጋፊዎች ሕጉ የምርጫን ተአማኒነት ያጠናክራል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ደግሞ በሕዝብ የተመረጠው ኃላፊ የያዘውን ሥልጣን ወደ ምክር ቤቱ አብላጫ ፓርቲ ያሸጋግራል የሚል ቅሬታ አሰምተዋል።

የ2022 ውድድር የተካሄደው ይህን ሁሉ ተከትሎ ነው። በሪፐብሊካን ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ የሚስተር ትራምፕን ድጋፍ ያገኙት የኮንግረስ አባል ሚስተር ጆዲ ሃይስ፣ የ2020 ምርጫ በአግባቡ አልተመራም በማለት ጸሐፊውን ተገዳደሩ። ብዙዎች ሚስተር ራፈንስፐርገር እንደሚሸነፉ ቢገምቱም በሜይ 24 ቀን 52 ከመቶ ገደማ ድምፅ በማግኘት ድጋሚ ምርጫ ሳያስፈልጋቸው አሸነፉ። በጆርጂያ መራጩ በፓርቲ አባልነት ስለማይመዘገብ በፈለገው ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ መሳተፍ ይችላል፤ ይህም ከፓርቲያቸው ውጭ ያሉ መራጮችን ድጋፍ ለማግኘት እንደረዳቸው የፖለቲካ ተንታኞች ገልጸዋል። በኖቬምበሩ ውድድር ደግሞ ሚስ ንጉየን የ2021ን ሕግ በመቃወምና የድምፅ አሰጣጥን ማቃለል ያስፈልጋል በማለት የተከራከሩ ሲሆን፣ ሚስተር ራፈንስፐርገር የሕጉን ጠቀሜታና በ2020 የወሰዱትን አቋም አስረድተዋል።

በዚያው ዓመት በሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ፉክክር ታይቷል። የ2020ን ውጤት ሲቃወሙ የቆዩ ዕጩዎች በአሪዞና፣ በኔቫዳና በሚቺጋን ለዚሁ ሥልጣን ተወዳድረው ሲሸነፉ፣ በዋዮሚንግ ተመሳሳይ አቋም የነበራቸው ዕጩ አሸንፈዋል። በአሪዞና የግዛት ጸሐፊ የነበሩት የዴሞክራቷ ሚስ ኬቲ ሆብስ ሥልጣናቸውን እንደያዙ ለገዥነት ተወዳድረው በ17 ሺህ ያህል ድምፅ አሸንፈዋል። ተቃዋሚዎቻቸው ያነሡባቸው ቅሬታ በ2018 በጆርጂያ ዴሞክራቶች በሚስተር ኬምፕ ላይ ካነሡት ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ችግሩ ከአሠራሩ እንጂ ከአንድ ፓርቲ ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን ነው።

ጸሐፊውን በምርጫ መሰየም ተገቢ ነው የሚሉ ወገኖች ዋና መከራከሪያ ተጠያቂነት ነው። በሕዝብ የተመረጠ ኃላፊ የሾመው አለቃ ስለሌለ ገዥውም ሆነ ፕሬዚዳንቱ ሊያነሣው አይችልም፤ በጆርጂያ የታየውም ይኸው ነው ይላሉ። በአንጻሩ የሚከራከሩት ደግሞ የምርጫ ዳኛ ገንዘብ እያሰባሰበና የፓርቲ ድጋፍ እየፈለገ ገለልተኛ ሊሆን እንደማይችል፣ ቢሆን እንኳ ተሸናፊው ወገን እንደማያምነው ያስረዳሉ። በጆርጂያ ውጤቱ የተጠበቀው በግለሰቡ አቋም እንጂ በአሠራሩ ጥንካሬ አይደለም የሚል አስተያየትም ይሰነዘራል።

ይሁንና ቦርድ ማቋቋም ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑም ታይቷል። በሴፕቴምበር 2024 የጆርጂያ የምርጫ ቦርድ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ብዛት በየጣቢያው በእጅ እንዲቆጠር የሚያስገድድ ደንብ በ3 ለ2 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የግዛት ጸሐፊው ጽሕፈት ቤት ምርጫው በቀረበበት ወቅት የሚወጣ ደንብ መዘግየትና ግራ መጋባት ያስከትላል በማለት ተቃውሟል። ደንቡ በኦክቶበር 2024 በፍርድ ቤት የታገደ ሲሆን፣ በጁን 2025 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቦርዱ ከሥልጣኑ ውጭ ያወጣው መሆኑን በመግለጽ ሽሮታል።

በኢትዮጵያ የተመረጠው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 102 ከማናቸውም ተጽዕኖ ነፃ የሆነ ብሔራዊ የምርጫ ቦርድ እንደሚቋቋም የደነገገ ሲሆን፣ አባላቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። ቦርዱን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1133/2011 የቦርዱ አባላት ከፖለቲካ ፓርቲ አባልነት ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በአንዱ አገር ዳኛው ከፓርቲ ወጥቶ በሕዝብ ሲመረጥ፣ በሌላው ፓርቲ የሌለው ሰው በሕዝብ ተወካዮች ይሾማል። የሁለቱም ሥርዓቶች ፈተና ግን አንድ ነው፤ ይኸውም የተሸነፈው ወገን ውጤቱን እንዲያምን ማድረግ ነው።

የጆርጂያ ተሞክሮ እንደሚያሳየው ይህ እምነት የሚገኘው በኃላፊው አሰያየም ብቻ አይደለም። በ2020 ውጤቱን ያጸናው እንደገና ሊቆጠር የሚችል ወረቀት መኖሩ፣ የኦዲት ግዴታ አስቀድሞ በሕግ መደንገጉ፣ ፍርድ ቤቶች ክርክሮችን በወቅቱ መመልከታቸውና በ159ኙ አውራጃዎች የተሰማሩ ሠራተኞች ሥራቸውን በመዝገብ አስደግፈው ማከናወናቸው ነው። ከዋሽንግተን የስልክ ጥሪ በደረሰ ጊዜ ጸሐፊው በእጃቸው የነበረው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ፣ ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ ሦስት ጊዜም ያንኑ አሸናፊ ያመለከተው ሰነድ ነበር።